ሸሪክዎ የድርጅቱን ገንዘብ ለግሉ ሲያውል፦ ከማስረጃ አሰባሰብ እስከ ክስ ያለው አሠራር

«ሸሪኬ የድርጅቱን ገንዘብ እየበላው ነው፤ ልክሰሰው ወይስ እንለያይ?» የሚለው ጥያቄ በሒሳብ ሥራዬ ላይ ከደንበኞችም ከወዳጆችም ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ቆርጦ ይመጣል፤ ይሁንና ክስም ሆነ መለያየት የሚያዋጣው ከዚያ በፊት ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች በቅደም ተከተላቸው ከተሠሩ ብቻ ነው። መጀመሪያ ማስረጃው ይሰበሰባል፤ ቀጥሎ ገንዘቡ የሚወጣበት በር ይዘጋል፤ ንግግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ በቁጣ ንግግሩን ያስቀደመ ሰው በማግስቱ ደረሰኙንም የቼክ ጉርዱንም ከቢሮው ሊያጣው ይችላል።

መመሪያው የሚያገለግለው ለማን ነው?

ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) መሠረት በኢትዮጵያ የተመዘገበና በጥቂት ሸሪኮች የተያዘ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ታሳቢ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ማኅበር የራሱ የሕግ ሰውነት ስላለው በካዝናውና በባንክ ሒሳቡ ያለው ገንዘብ የእርስዎም የሸሪክዎም ሳይሆን የማኅበሩ ነው። ግማሽ ድርሻ ያለው ሸሪክ «ግማሹ የእኔ አይደለም ወይ?» ብሎ ከካዝና ቢያነሣ የራሱን እንዳነሣ አይቆጠርም፤ ድርሻው ወደ ገንዘብ የሚለወጠው የበጀት ዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ፣ ግብር ተከፍሎ፣ ትርፉ እንዲከፋፈል በውሳኔ ሲጸድቅ ነው። ይህን ነጥብ አጥብቀው ይያዙት፤ ቀሪው ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው፤ በንዴት «እርሱ ከወሰደ እኔም ልውሰድ» ያለ ሸሪክም በዚሁ ሕግ ይጠየቃል።

ድርጅትዎ የኅብረት ሽርክና ማኅበር ከሆነ ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ሀብታቸው ጭምር ስለሚጠየቁ ጉዳዩ የበለጠ ያስቸኩላል። ንግድ ፈቃዱ በአንድ ሰው ስም ብቻ ወጥቶ ሽርክናው በቃል የተደረገ ከሆነ ደግሞ ከታች ያሉት የማስረጃና የሒሳብ ደረጃዎች ይጠቅሙዎታል እንጂ ማኅበሩንና ቃለ ጉባኤውን የሚመለከቱት ለእርስዎ አይሠሩም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ገንዘብ ማዋጣቱን የሚያሳዩ የባንክ ማስተላለፊያዎችን ይዞ ከሁሉ አስቀድሞ ጠበቃ ያማክር።

የሚያስፈልጉ ሰነዶችና ነገሮች

- የተረጋገጠው መመሥረቻ ጽሑፍ፣ መተዳደሪያ ደንቡና ማሻሻያዎቹ በሙሉ
- የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር
- እስካሁን የተያዙ ቃለ ጉባኤዎች፣ በተለይም ሥራ አስኪያጁ የተሾመበትና የባንክ ፈራሚዎች የተወሰኑበት
- በማኅበሩ ስም የተሰጡ የውክልና ሥልጣን ሰነዶች
- ቢያንስ የ12 ወር የባንክ ስቴትመንት፣ ከሁሉም ባንኮችና ከድርጅቱ የቴሌብር ሒሳብ
- ያገለገሉ የቼክ ጉርዶችና ያላለቁ የቼክ ደብተሮች
- የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የዕለት ዜድ ሪፖርቶች (ማሽኑ የዕለቱን ሽያጭ ደምሮ የሚያወጣቸው ወረቀቶች) እና የእጅ ደረሰኝ ጥራዞች
- የክፍያ ማዘዣዎች፣ የግዥ ደረሰኞች፣ የደመወዝ መክፈያ ሊስት
- የዱቤ መዝገብና የዕቃ ቢን ካርዶች (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸው)
- ከድርጅቱ ቢሮ ውጭ የሚቀመጥ ማኅደርና የኤሌክትሮኒክ ቅጂ መያዣ
- ከእርስዎም ከሸሪክዎም ጋር ዝምድና የሌለው፣ ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ወይም ኦዲተር

ደረጃ 1፦ ጥፋትን ካልተወራረደ ሒሳብ ይለዩ

ከካዝና የወጣ ገንዘብ ሁሉ የተሰረቀ ገንዘብ አይደለም። ሸሪክዎ ለጉምሩክ፣ ለትራንስፖርት ወይም ለቀን ሠራተኛ ገንዘብ ወስዶ ደረሰኝ ሳያቀርብ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ድርጅቱ ሲጀመር ከኪሱ ያወጣውን እየመለሰ እንደሆነም ሊያምን ይችላል። ለቤተሰቡ ኪራይ ወይም ለግል መኪናው የድርጅቱን ቼክ ከቆረጠ፣ ከደንበኛ የተቀበለውን ገንዘብ በግል አካውንቱ ካስገባ፣ ወይም ላልተገዛ ዕቃ ደረሰኝ ካቀረበ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ የሚሄዱበትን መንገድ ስለሚወስን ነው። ያልተወራረደ ሒሳብ በአንድ ስብሰባና በጥቂት ደረሰኞች ያልቃል፤ ስርቆት ተብሎ ከተጀመረ ግን ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሽርክናው ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ከፍለው የሚጠረጥሩትን እያንዳንዱን ወጪ «ማብራሪያ ያለው»፣ «ማብራሪያ የሚጠበቅበት» እና «ለግል የዋለ መሆኑ በሰነድ የታየ» በሚሉት ሥር ይመድቡ። በሦስተኛው ዓምድ የሚገባው በሰነድ የታየው ብቻ ነው፤ ሠራተኛ የነገረዎት ወሬ ሁለተኛው ዓምድ ላይ ይቆያል።

ደረጃ 2፦ ሰነዶቹን በጸጥታ ይሰብስቡ

በመጀመሪያ ስቴትመንቱን ከባንክ በቀጥታ ያውጡ። ፈራሚ ወይም ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ ባንኩ ማኅተም ያረፈበት ስቴትመንት ይሰጥዎታል፤ ከሸሪክዎ ወይም ከገንዘብ ያዥዋ የሚቀበሉት ህትመት ግን ገጽ ተነሥቶለት ሊሆን ስለሚችል ለማስረጃነት አይመኩበት። ሥራ አስኪያጅ ካልሆኑ በአባልነትዎ የሀብትና ዕዳ መግለጫውን፣ የዕቃ ቆጠራ ዝርዝሩንና የኦዲት ሪፖርቱን የማየት መብት አለዎት፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቢከለከሉም ክልከላው ራሱ በጽሑፍ ይቀመጣል።

የቼክ ጉርዶቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተው በስቴትመንቱ ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። በጉርዱ ላይ «ለሲሚንቶ ግዥ» ተብሎ የተጻፈ ቼክ በባንኩ በኩል በማን ስም እንደተከፈለ ሲታይ ሌላ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የተከፈለውን ቼክ ቅጂ ባንኩ ለደንበኛው ለማኅበሩ ሊሰጥ ስለሚችል በማኅበሩ ስም ይጠይቁ።

ዋናውን ሰነድ ከቢሮ አያውጡ፤ ቅጂውን ያውጡ። ዋናው ሰነድ ከቦታው ከጠፋ «አንተ አጥፍተኸው ነው» የሚል ክርክር ይነሣል፤ በኋላ ኦዲተር ሲመጣም የሚመረምረው ነገር ያጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሸሪክዎን የግል ስልክ፣ የግል ኢሜይል ወይም የግል ባንክ ሒሳብ በምንም መንገድ አይክፈቱ። የድርጅቱ ያልሆነ መረጃ በዚህ መንገድ ቢገኝ እርስዎን ተጠያቂ ያደርጋል። የእርሱ የግል ሒሳብ መታየት ካለበት በፍርድ ቤት ወይም በፖሊስ ምርመራ ትእዛዝ ይታያል።

ደረጃ 3፦ አንድ ወር መርጠው እስከ መጨረሻው ያመሳክሩ

ብዙ ሰው ሦስት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማየት ይሞክርና በመሐል ይደክማል። ጥርጣሬው የበረታበትን አንድ ወር ብቻ ይምረጡና ፍጹም እስኪሆን ይሥሩት፤ የጉድለቱ መልክ ከአንድ ወር ይታያል፤ ቀሪዎቹን ወሮች ኦዲተሩ በዚያው መልክ ይፈትሻቸዋል።

አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የኅዳር ወር የዜድ ሪፖርቶች ድምር 612,400 ብር ነው። ወሩ ሲጀምር በካዝና 9,200 ብር ነበር፤ ስለዚህ በወሩ ውስጥ ተጠያቂ የሚሆንበት ገንዘብ 621,600 ብር ነው። በባንክ የገባው 455,000 ብር ሲቀነስ 166,600 ብር ይቀራል። ከካዝና ተከፍሎ ደረሰኝ የቀረበበት ወጪ 81,300 ብር ሲቀነስ 85,300 ብር ይሆናል። በዱቤ ተሽጦ ገና ያልተሰበሰበው 27,000 ብር ሲቀነስ 58,300 ብር፣ ወሩ ሲያልቅ በካዝና የተቆጠረው 14,600 ብር ሲቀነስ ደግሞ 43,700 ብር ይቀራል። ማብራሪያ የሚጠየቅበት ይህ 43,700 ብር ነው።

ሒሳቡን በጥድፊያ የሠራ ሰው ሽያጩን ከባንክ ገቢው ጋር ብቻ አነጻጽሮ «157,400 ብር ተበልቷል» ይል ነበር። ሸሪኩም ደረሰኞቹንና የዱቤ መዝገቡን አውጥቶ ሲያስረዳ ከሳሹ ያፍራል፤ እውነተኛው 43,700 ብርም ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ይድበሰበሳል። ሁሉንም የሚቀነስ ነገር እርስዎ ራስዎ አስቀድመው መቀነስ ያለብዎት ለዚህ ነው።

ከካዝናው ቀጥሎ የዕቃውን መንገድ ይዩ። በቢን ካርዱ ላይ የወጣው ብረት በሽያጭ ደረሰኝ ላይ ከሌለ፣ ዕቃው ያለ ደረሰኝ ተሽጧል ወይም ተወስዷል ማለት ነው። ከዚያም ትልልቅ የዱቤ ደንበኞችን ያጣሩ፦ በማኅበሩ ስም «በመዝገባችን እስከ ኅዳር 30 ድረስ ይህን ያህል ብር ቀሪ ዕዳ አለብዎ፤ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡልን» የሚል የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይላኩ። ደንበኛው «እኔኮ ከፍያለሁ፤ በአካውንቴ አስገባልኝ ስላሉኝ እዚያ አስገባሁ» ብሎ የማስተላለፊያውን ቅጂ ከላከ፣ ከየትኛውም ምስክርነት የሚበልጥ ማስረጃ አገኙ ማለት ነው። ይህ ደብዳቤ ለመደበኛ የሒሳብ መዝጊያ ሥራም ስለሚላክ ማንንም አያስደነግጥም።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡ የሚወጣበትን በር ይዝጉ

ይህ ደረጃ ከንግግሩ በፊት የሚመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መጠርጠሩን ያወቀ ሰው በዚያው ቀን የቀረውን ሊያወጣ ይችላል። አራት በሮች አሉ።

የመጀመሪያው ባንኩ ነው። በአንድ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ በሁለት ፊርማ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ዋናው መከላከያ ነው። ይሁንና ባንክ የፈራሚ ለውጥን በአንድ ሸሪክ ደብዳቤ ብቻ አይቀበልም፤ የተረጋገጠ ቃለ ጉባኤ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል። በድምፅ ብልጫ ካለዎት በመመሥረቻ ጽሑፉ በተወሰነው የጥሪ ጊዜና አኳኋን ስብሰባ ጠርተው ቃለ ጉባኤውን ያጽድቁ፣ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚባለው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ያስረጋግጡ፣ ከዚያም ለባንኩ ያቅርቡ። ጥሪው በደንቡ ካልተደረገ ውሳኔው በኋላ ሊፈርስ ስለሚችል የጥሪ ደብዳቤው የደረሰበትን ማስረጃ ይያዙ። ድርሻችሁ እኩል ከሆነና ሸሪክዎ ካልተስማማ ወደ ደረጃ 8 ሄደው የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይኖርብዎታል።

ሁለተኛው ውክልናው ነው። ውክልናውን የሰጡት እርስዎ በግልዎ ከሆኑ ብቻዎን መሻር ይችላሉ፤ ማኅበሩ የሰጠው ከሆነ የሚሽረው ማኅበሩ ነው። ሰዎች የሚዘነጉት ከሽረቱ በኋላ ያለውን ሥራ ነው፦ የተሻረበትን ሰነድ ለባንኩ፣ ለግብር ቢሮው፣ ለአቅራቢዎችና ለተወካዩ ራሱ በደብዳቤ አስታውቀው ቅጂው ላይ ማስፈረም ያስፈልጋል። መሻሩን ያላወቀ ሦስተኛ ወገን በቀድሞው ውክልና የፈጸመው ነገር በእርስዎ ላይ ሊጸና ይችላልና።

ሦስተኛው የሞባይል ባንኪንጉና የቴሌብሩ የይለፍ ቃል ነው፤ ሥልጣኑ ካለዎት በአንድ ሰው ስልክ ብቻ እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉ። አራተኛው ማኅተሙና የቼክ ደብተሩ ነው፤ በሁለት ቁልፍ በሚከፈት ካዝና ይቀመጡና የሚወጡበት መዝገብ ይኑራቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቢሮውን ቁልፍ ቀይረው ሸሪክዎን ከውጭ አያስቀሩ፤ ማኅተሙንም ደብቀው ወደ ቤትዎ አይውሰዱ። እርሱም እንደ እርስዎ አባል ነው፤ ቀድሞ አቤቱታ የማቅረብ ዕድሉን በእጅዎ አይስጡት።

ደረጃ 5፦ በደብዳቤ ጠይቀው ፊት ለፊት ይነጋገሩ

ንግግሩ ያለ ደብዳቤ ከሆነ የተባለው ሁሉ በኋላ ይካዳል፤ ደብዳቤው ያለ ንግግር ከሆነ ደግሞ ሸሪክዎ በቀጥታ ወደ ጠበቃ ይሄዳል። ሁለቱ አብረው ይሂዱ። ደብዳቤው ከስድብም ከፍርድም የነጻ፣ አጭርና ቁጥር ያለበት ይሁን፤ ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«በኅዳር ወር የሽያጭ ሪፖርትና በባንክና በካዝና በተገኘው ገንዘብ መካከል 43,700 ብር ልዩነት መኖሩ ታይቷል። የሒሳቡ ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። በእጅዎ የሚገኙ ደረሰኞችና የክፍያ ማዘዣዎች ካሉ በ10 ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡና ሒሳቡን አብረን እንድናወራርድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

«ወሰድክ»፣ «አጎደልክ» የሚል ቃል እንደሌለበት ያስተውሉ። መልስ ሳይሰጥ ቢቀር ዝምታው በሰነድ ይታያል፤ መልስ ቢሰጥ ደግሞ ማብራሪያው በራሱ ፊርማ ይያዛል። ደብዳቤውን ሲሰጡ በቅጂው ላይ ቀኑን ጽፎ ይፈርምልዎት፤ አልፈርምም ካለ በአደራ ፖስታ ይላኩት።

ሸሪክዎ ታላቅዎ ወይም የሥጋ ዘመድዎ ከሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰው በስብሰባው ላይ ቢገኝ መልካም ነው። «ጋሼ፣ የመጣሁት ልወቅስዎት አይደለም፤ ይህን ሒሳብ አብረን እንድናወራርደው ነው» ብሎ መጀመር በሩን ክፍት ያደርገዋል። የሽማግሌው ሥራ ግን ማስታረቅ ብቻ እንዳይሆን አስቀድመው ያስረዱት፤ «ይቅር ተባባሉ» ተብሎ ተመራርቆ የተበተነ ሽምግልና ቁጥሩን በወረቀት ካላሰፈረ ጉድለቱ ባለበት ይቀጥላል። በስብሰባው መጨረሻ የተባለው በአንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ የተገኙት ሁሉ ይፈርሙበት።

በዚህ ስብሰባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው መልስ «ብድር ነው፤ እመልሰዋለሁ» ወይም «ድርጅቱ ከእኔ የተበደረው አለ» የሚል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። ስለዚህ «የብድሩ ውል የት አለ?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ እርስዎም በበኩልዎ ገንዘቡን በቃል ብድር አድርገው እንዳይቀበሉት ይጠንቀቁ።

ደረጃ 6፦ ያመነውን በሚያስገድድ ሰነድ ያስሩት

ሸሪክዎ ገንዘቡን መውሰዱን ካመነና ለመክፈል ከተስማማ፣ ስምምነቱ በዚያው ሳምንት ይጻፍ። ያመነ ሰው ሐሳቡን የሚለውጥበት ጊዜ አጭር ነው። ሰነዱ የሚከተሉትን ይያዝ፦ ገንዘቡ የማኅበሩ መሆኑን፤ ልኩን በአኃዝና በፊደል፤ የክፍያውን ቀናት፤ አንድ ክፍያ ሲዘለል ቀሪው በሙሉ ወዲያውኑ የሚጠየቅ መሆኑን፤ ክፍያው የሚገባበትን የማኅበሩን የባንክ ሒሳብ ቁጥር፤ እንዲሁም ወደፊት ሌላ ጉድለት ቢገኝ ማኅበሩ የመጠየቅ መብቱን እንዳልተወ። በውልና ማስረጃ ፊት ቢፈረም ፊርማውን መካድ እጅግ አስቸጋሪ ይሆንበታል።

ዋስትና ላይ ሰዎች ብዙ ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው። ሰው ዋስ ከሆነ የዋስትና ውሉ የገንዘቡን ከፍተኛ መጠን ካልጠቀሰ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት አይጸናም፤ «ለሚደርሰው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም። ሸሪኩም ሆነ ዋሱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርም፤ በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ ንብረትን ለሚነኩ ብድር፣ ዋስትናና የማይንቀሳቀስ ንብረት ማስተላለፍ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋልና። ቤት ከተያዘ የመያዣ ውሉ ንብረቱ በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይመዝገብ። የመኪና ሊብሬ ተቀብሎ በመሳቢያ ማስቀመጥ ብቻውን መያዣ አይሆንም፤ በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ (ቁጥር 1147/2011) መሠረት መመዝገብ ይኖርበታል።

ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ እንደ መያዣ የመቀበል ልማድ አለ። እኔ አልመክረውም። በባንክ ገንዘብ እንደሌለው እያወቁ የተቀበሉት ቼክ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ይወልዳል፤ ጸጥ ብሎ ከሚከፈል ዕዳም ይልቅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ያመጣል። ከሚቀበሉት ቼክ ይልቅ የተመዘገበ መያዣ ያስቀድሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ካልከፈልክ በወንጀል አሳስርሃለሁ» እያሉ አያስፈርሙት። በማስፈራራት የተገኘ ፊርማ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ማስፈራራቱም ራሱ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ጉዳዩ ከግቢ ሳይወጣ የግብሩን ሒሳብ ያስተካክሉ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከባድ ኪሳራ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሸሪክዎ ያለ ደረሰኝ ሸጦ ከነበረ ወይም የግል ወጪውን በድርጅቱ ስም አስመዝግቦ ከነበረ፣ በግብር በኩል የመጀመሪያው ተጠያቂ ድርጅቱ ነው፤ ግብሩ ካልተከፈለም የሥራ አስኪያጁ የግል ኃላፊነት ሊከተል ይችላል። ክስ ሲመሠርቱ የሚያቀርቡት ማስረጃ ይህንኑ ያሳያል። ስለዚህ ከክስ በፊት ከሒሳብ ባለሙያው ጋር ተቀምጠው ያልተመዘገበውን ሽያጭና ከወጪ ሊቀነስ የማይገባውን ያውጡና የቀረበውን መግለጫ በማስተካከል ለግብር ባለሥልጣኑ ቀድመው ያሳውቁ። ራሱ መጥቶ ያስተካከለ ግብር ከፋይ በኦዲት ከተያዘው የተሻለ ቦታ ላይ ነው።

የማኅበር የግብር ዓመት የራሱ የሒሳብ ዓመት ነው፤ ይህ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ የዓመቱ መግለጫ እስከ ጥቅምት 30 ይቀርባል። ጉድለቱን ያገኙት በዚህ መካከል ከሆነ፣ «በኋላ እናስተካክለዋለን» ብለው ጉድለት እንዳለበት በሚያውቁት የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ አይፈርሙ።

ደረጃ 8፦ ስምምነት ካልተገኘ ወደ ሕግ ይሂዱ

መጀመሪያ መመሥረቻ ጽሑፉን ገልጠው የግልግል አንቀጽ መኖሩን ይዩ። ካለ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ግልግል ሊመራው ስለሚችል በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ (ቁጥር 1237/2013) መሠረት ገላጋይ ዳኛ ይመረጣል። ከሌለ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የሚበልጠው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል።

ገንዘቡ የማኅበሩ ስለሆነ ከሳሹም ማኅበሩ እንዲሆን ያድርጉ። እርስዎ በግል ስምዎ «ገንዘቤን» ብለው ቢከሱ፣ የመክሰስ መብት የለዎትም የሚል መቃወሚያ ይጠብቅዎታል። የተጠረጠረው ሸሪክ ራሱ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ አስቀድሞ በውሳኔ ተነሥቶ ሌላ ይሾም፤ ለውጡም በንግድ መዝገብ ይግባ። ድምፁ እኩል ሆኖ ማንሣት ካልተቻለ፣ ሥራ አስኪያጁ በበቂ ምክንያት እንዲነሣ ወይም ማኅበሩ ፈርሶ ሒሳብ አጣሪ እንዲሾም ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ማፍረስን ግን በመጨረሻ ያስቡት፤ በማጣራት ጊዜ ሱቁ፣ ዕቃውና የደንበኛው እምነት በርካሽ ይሄዳሉ፤ ድርሻውን በተገመተ ዋጋ ገዝቶ መለያየት አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱም ይሻላል፤ የጎደለውም ከድርሻው ዋጋ ላይ ሊታሰብ ይችላል።

ከክሱ ጋር ወይም ክሱን ተከትሎ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ አቤቱታ ያቅርቡ። እግዱ ሊያግድ የሚገባውን ነገር ለይተው ይጻፉ፦ የባንኩን ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የመኪናውን ሰሌዳ። «ንብረቱ ሁሉ ይታገድልኝ» የሚል አቤቱታ ለመፈጸም ስለማይመች ውድቅ ሊሆን ይችላል። የደመወዝና የግብር ክፍያ ከእግዱ ውጭ እንዲሆንም ይጠይቁ፤ አለዚያ ያገዱት የራስዎን ሥራ ነው።

ወንጀልን በተመለከተ፣ በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) እምነት ማጉደል በአንቀጽ 675፣ ማታለል በአንቀጽ 692 ተደንግገዋል፤ ፊርማ ወይም ደረሰኝ ተመሳስሎ ከተሠራ ደግሞ የሐሰት ሰነድ ጉዳይ ይከተላል። ፖሊስ ዘንድ ስሜትዎን ብቻ ይዘው ከቀረቡ «ይህ የሸሪኮች የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው» ተብለው ይመለሳሉ። የኦዲት ሪፖርቱን፣ የተከፈለውን ቼክ ቅጂና የደንበኛውን የሒሳብ ማረጋገጫ መልስ ይዘው ሲቀርቡ ግን መርማሪው የሚይዘው ነገር ያገኛል። የወንጀል ክሱ ጥፋተኛውን ያስቀጣል እንጂ ገንዘቡን በራሱ አይመልስም፤ ስለዚህ የፍትሐ ብሔሩን ጥያቄ በእርሱ አይተኩት።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ኦዲተሩን የራስ ዘመድ ማድረግ፤ ሸሪኩ ሪፖርቱን የሚጥልበትን ምክንያት በእጁ መስጠት ነው።
- ጉዳዩን ለሠራተኞች መንገር፤ ወሬው ለሸሪኩ ይደርሳል፤ ሠራተኛውም ሁለት ጎራ ይከፈላል።
- ስሙን ጠቅሶ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ፤ በስም ማጥፋት ያስከስሳል፤ አቅራቢዎችም ዱቤ ያቆማሉ።
- የተመለሰውን ገንዘብ በግል አካውንት መቀበል፤ ከማኅበሩ የጎደለው ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ካልገባ ጉድለቱ አልተሞላም።
- «ዓመት በዓሉ ይለፍ»፣ «ልጁ ይዳር» እያሉ መቆየት፤ የይርጋ ጊዜ (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) ይቆጠራል፤ እያወቁ ዝም ማለትም እንደ ስምምነት ሊተረጐም ይችላል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ሸሪኮች

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆናችሁ አገር ቤት ያለ ሸሪክ በውክልናችሁ የሚሠራ ከሆነ፣ ደረጃ 4 ከሁሉ ይቀድማል። የመሻሪያውን ሰነድና ለጠበቃ ወይም ለሌላ ታማኝ ሰው የምትሰጡትን አዲስ ውክልና በአካባቢያችሁ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በአንድ ቀን አስፈጽሙ። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በውልና ማስረጃ ይመዘገባል፤ እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ ክፍተት ስለሆነ የሽረቱን ቅጂ ለባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በኢሜይል አስቀድማችሁ ላኩ፤ ዋናው እየመጣ መሆኑንም ግለጹ። አዲሱን ውክልና ስትጽፉ «ማንኛውንም ሥራ» በሚል አትተዉት፤ ስቴትመንት ማውጣት፣ በስብሰባ ድምፅ መስጠት፣ ኦዲተር መቅጠርና በፍርድ ቤት መከራከር የሚሉትን ለይታችሁ ዘርዝሩ፤ ገንዘብ ማውጣትንና ድርሻ መሸጥን ደግሞ በግልጽ ከልክሉ።